ኑዛዜው ሳይጻፍ አይደር

(መስጊዳችን ባዘጋጀው የምሽት ትምህርት ላይ አንድ የሐረር ጠበቃ ያቀረቡት ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ለአላህ (ሱ.ወ.) ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሰሓቦቻቸው ላይ ይሁን።



የመስጊዱ ኮሚቴ ስለ ኑዛዜና ስለ ውርስ እንድናገር ሲጠይቀኝ በሁለት ምክንያት አመንትቼ ነበር። አንደኛው ዓሊም አለመሆኔ ነው። ፈራኢድን ከእኔ አብልጠው የሚያውቁ ሸኾች እዚሁ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። እኔ ጠበቃ ነኝ። የማውቀው ወረቀት፣ ምስክር፣ ማኅተምና ቀጠሮ ነው። ስለዚህ ከሃይማኖቱ በኩል የምጠቅሰው ከእነርሱ የተማርሁትን ብቻ ነው፤ ስሳሳት ያርሙኝ።

ሁለተኛው ምክንያት ግን ከእውቀት ማነስ አይደለም፤ ኀፍረት ነው። ስለ ኑዛዜ ከመናገሬ በፊት በገዛ ቤታችን የሆነውን ካልተናገርሁ የምናገረው ሁሉ ባዶ ይሆናል ብዬ ስላሰብሁ በዚያው እጀምራለሁ።

1. በቤታችን የሆነው

አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ በመኪና ግርግር ልብስ ሰፊ ነበር። የልብስ መኪናውን ገዝቶ ሥራ ሲጀምር ገንዘብ ስላልነበረው ታላቅ እህቱ የእጇን የወርቅ አምባሮች አውጥታ ሰጠችው። በኋላም ሱቅ ሲይዝ እንደገና ረዳችው። ወረቀት አልተጻፈም፤ ምስክር አልተጠራም። ወንድምና እህት ናቸው፤ በወንድምና በእህት መካከል ወረቀት መጻፍ አለመተማመን ይመስል ነበር። አባቴ ግን አልረሳም። «የእህቴ ሐቅ አንገቴ ላይ አለ» እያለ ለእናቴ ሲነግራት እኛም ልጆቹ በጆሯችን እንሰማ ነበር። እከፍላለሁ እንዳለ አንድ ቀን ከዙህር በኋላ ደረቱን ይዞ ወደቀ፤ ከዐስር በፊት አለፈ።

ለተዕዚያ በተቀመጥንባቸው ቀናት አክስቴ ምንም አልተናገረችም። ብዙ ቀናት ካለፉ በኋላ ብቻዋን መጣችና በዝግታ ጠየቀችን። ከልጆቹ አንዱ «ወረቀት አለሽ ወይ?» አላት። ሁላችንም ወደ እኔ ተመለከትን፤ እኔ ጠበቃው ነኝና። እኔ ያልሁት ይህ ነው፦ «ዕዳ በማስረጃ ነው የሚረጋገጠው።» በሕግ በኩል ትክክል ተናግሬ ነበር። በአባቴ አፍ የሰማሁትን ግን ዋጥሁት። አክስቴ አልተከራከረችም፤ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።

ውርሱ ሳይጣራ ሁለት ዓመት ቆየ። በመጨረሻ እናቴ «የባለቤቴን ዕዳ ሳትከፍሉ የምትሰጡኝን አልቀበልም» ብላ አጥብቃ ስለያዘች ተስማምተን ገንዘቡን አዘጋጀን። አክስቴ ግን ከዚያ በፊት ወደ አኺራ ሄዳ ነበር። ገንዘቡን ለልጆቿ ሰጠናቸው። ዕዳው ተከፍሏል፤ ከአክስቴ ዘንድ ይቅርታ የምጠይቅበት መንገድ ግን የለኝም። አባቴ ሦስት መስመር ጽፎ ሁለት ሰው አስፈርሞ ቢሆን ኖሮ እኔም ያንን ቃል አልናገርም፣ እርስዋም ያንን ቀን አታይም ነበር።

ይህን የምናገረው ቤተሰቤን ለማማት አይደለም። በሥራዬ በየዓመቱ ከሚገጥሙኝ ጉዳዮች መካከል ብዙዎቹ የዚሁ ወንድሞች ስለሆኑ ነው።

2. ሸሪዓ የሚያዘው ቅደም ተከተል

ዑለማዎቻችን እንዳስተማሩን ሰው ሲሞት ከተወው ንብረት ላይ አራት ነገሮች በቅደም ተከተል ይፈጸማሉ።

ሀ. የጀናዛው ወጪ፣ ማለት ከፈኑና መቃብሩ ይሸፈናል።
ለ. ዕዳው ይከፈላል። የሰው ዕዳ ብቻ ሳይሆን ያልወጣ ዘካና ለሚስት ያልተከፈለ መህር በዚህ ውስጥ ይገባሉ።
ሐ. ኑዛዜው (ወሲያው) ከቀረው ንብረት እስከ ሲሶው ድረስ ይፈጸማል።
መ. የቀረው ለወራሾች እንደየድርሻቸው ይከፋፈላል።

ብዙ ሰው ከአራተኛው ይጀምራል። ሬሳው ሳይቀዘቅዝ «ቤቱ ለማን ነው?» ይባላል። የዕዳን ክብደት ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በተግባር አሳይተዋል፤ ዕዳ ያለበት ሰው ጀናዛ ሲቀርብላቸው አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ.) ዕዳውን እስኪሸከሙለት ድረስ ራሳቸው ሳይሰግዱበት መቆየታቸውን ቡኻሪ ዘግበዋል።

ስለ ኑዛዜም እንዲሁ፣ የሚናዘዝበት ነገር ያለው ሙስሊም ኑዛዜው ተጽፎ ከእርሱ ዘንድ ሳይኖር ሁለት ሌሊት ማደር እንደማይገባው ነቢዩ አስተምረዋል። ይህን የሰሙት ዐብደላህ ኢብን ዑመር (ረ.ዐ.) ከዚያ በኋላ ኑዛዜያቸው ከእርሳቸው ሳይኖር አንድ ሌሊት እንኳ እንዳላደሩ ተናግረዋል። እኛ ግን ኑዛዜ መጻፍን ሞትን እንደ መጥራት እንቆጥረዋለን። ሽማግሌ አባታችንን «ኑዛዜ ጻፍ» ብንል «ልትቀብረኝ ቸኮልህ ወይ?» ይለናል ብለን እንፈራለን። ስለዚህ ጉዳዩን ማንሳት ያለበት ልጅ ሳይሆን አባት ራሱ ነው፤ ይህን ለአባቶች አደራ እላለሁ።

የሲሶው ወሰን የመጣው ከሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ (ረ.ዐ.) ጥያቄ ነው። ታምመው ሳለ ሁለት ሦስተኛውን፣ ከዚያም ግማሹን ለመስጠት ፈቃድ ጠየቁ፤ አልተፈቀደላቸውም። ሲሶው ተፈቀደ፣ እርሱም ብዙ እንደሆነ ተነገራቸው፤ ወራሾችን ሳይቸገሩ ትቶ መሄድ ሰው እጅ ከሚያዩ እንደሚሻል ተጨመረላቸው። ከዚህ ሌላ፣ ድርሻ ላለው ወራሽ ኑዛዜ የለም፤ ሌሎቹ ወራሾች ከሞቱ በኋላ ፈቅደው ካላጸደቁት በቀር። «ለታናሹ ልጄ ቤቱን ተናዝዣለሁ» የሚሉ አባቶች በዚህ ይሳሳታሉ።

እንግዲያው ሲሶው ለማን ነው? ወራሽ ላልሆነና ለሚያስፈልገው ነው። እዚህ ላይ አንድ ብዙ ጊዜ የሚያስለቅስ ጉዳይ አለ። አንድ ሽማግሌ ሦስት ወንዶች ልጆች ነበሩት እንበል። አንዱ ልጁ አባቱ በሕይወት ሳለ ሞተና የቲሞች ትቶ ሄደ። በኋላ ሽማግሌው ሲሞት ሁለቱ ልጆች ይወርሳሉ፤ የሟቹ ልጆች አጎቶቻቸው ስላሉ በፈራኢድ ድርሻ የላቸውም። አያታቸው በጉልበቱ አቅፎ ያሳደጋቸው የቲሞች ከውርሱ ውጭ ይቀራሉ። ሸሪዓ በሩን ዘግቶ አልተወውም፤ ሲሶው ክፍት ነው፤ አያት ቢናዘዝላቸው ይችላል። በግብፅ አገር አያቶች ይህን እየረሱ የቲሞች ሲጎዱ ስለታየ በ1946 (እ.ኤ.አ.) በወጣው የኑዛዜ ሕግ ለእንዲህ ያሉ የልጅ ልጆች ከሲሶው ውስጥ የግዴታ ድርሻ ተወሰነላቸው። በእኛ ዘንድ ግን አያቱ ራሱ ካልጻፈ በቀር በፈራኢድ የሚከፋፈል ውርስ ለእነርሱ አይደርስም። የልጅ የቲም በቤታችሁ ያላችሁ አባቶችና እናቶች፣ ዛሬ ማታ አስቡበት። በአደራ ያሳደጋችሁትም ልጅ እንዲሁ በሲሶው ውስጥ ሊታሰብ ይችላል።

3. ሒሳቡ በምሳሌ

ድርሻዎቹ በሱረቱ ኒሳእ በ11ኛው፣ በ12ኛውና በ176ኛው አንቀጾች ተወስነዋል። አንድ ሰው ሞቶ ሚስቱን፣ እናቱን፣ ሁለት ወንዶች ልጆችና አንዲት ሴት ልጅ ተወ እንበል። ዕዳው ሁሉ ተከፍሎ የተጣራው የእርሱ ንብረት 1,200,000 ብር ቢሆን፦

ለሚስት አንድ ስምንተኛ፣ 150,000 ብር፤
ለእናት አንድ ስድስተኛ፣ 200,000 ብር፤
የቀረው 850,000 ብር ለወንድ የሴት ሁለት እጥፍ እየሆነ ለአምስት ይከፈላል፤ ለእያንዳንዱ ወንድ ልጅ 340,000፣ ለሴት ልጅ 170,000 ብር።

ያው ንብረት በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቢከፋፈል ልጆች እኩል ስለሚወርሱ ለሦስቱ 400,000 ብር ይደርሳቸዋል። ልጆች ስላሉ እናት አትወርስም። ሚስትም ወራሽ አይደለችም፤ እርስዋ የምትወስደው ከጋራ ንብረቱ የራስዋን ግማሽ ነው።

ሁለቱን ጎን ለጎን ያቀረብሁት ለማወዳደር ሳይሆን ሁለት ነገር እንድታስተውሉ ነው።

የመጀመሪያው፣ በየትኛውም መንገድ ቢሆን አስቀድሞ የሟቹን ንብረት ከሚስቱ ንብረት መለየት ያስፈልጋል። ሚስት ነግዳ ያመጣችው፣ ከአባትዋ የወረሰችው፣ ወርቅዋ፣ በቤቱ ግዢ የገባው ገንዘብዋ የእርስዋ ነው፤ ውርስ አይደለም። «ሁሉም የአባታችን ነው» ብለው የእናታቸውን ሐቅ ጨምረው የሚካፈሉ ልጆች አይቻለሁ። አንድ ስምንተኛ ሰጠናት ይላሉ፤ ከገዛ ንብረትዋ ላይ ቆርሰው።

ሁለተኛው፣ ወንድ ልጅ ሁለት እጅ የሚወስደው ለቤተሰቡ ወጪ ኀላፊ ስለሆነ ነው። ሁለቱን እጅ ተቀብሎ ኀላፊነቱን የማይቀበል ወንድም ግማሹን ሸሪዓ ብቻ ነው የያዘው። ከዚህ የባሰው ደግሞ የእህትን 170,000 ብርም የማይሰጥ ነው። እህቶች በተዕዚያ መካከል፣ በሽማግሌዎች ፊት «ትችዋለሽ አይደል?» እየተባሉ በሀያእ አንገታቸውን ደፍተው «ትቻለሁ» ሲሉ ሰምተናል። አላህ ራሱ የወሰነላት ድርሻ ናት። አንዲት ሴት ድርሻዋን ማወቅዋ ሳይረጋገጥ፣ በእጅዋም ሳይገባ፣ በሰው ብዛት መካከል ያለችው «ትቻለሁ» ፈቃድ ነው ብዬ አልቀበልም። መተው ከፈለገች ከተቀበለች በኋላ፣ ማንም ሳይጠይቃት ትስጥ።

4. የሸሪዓ ፍርድ ቤትና የአገሩ ሕግ

በሐረር ውርስን በቃዲ ፊት መጨረስ አዲስ ነገር አይደለም። በአሚሮቹ ዘመን ከተማችን የቃዲ ፍርድ ቤት ነበራት፤ የቤትና የእርሻ ሽያጭ፣ ስጦታና ውርስ በዐረብኛ በመዝገብ ይሰፍር ነበር። ከእነዚያ መዝገቦች ወደ እኛ ዘመን የደረሱ ስላሉ የታሪክ ተመራማሪዎች የከተማዋን ኑሮ የሚያነቡት ከእነርሱ ነው። አያቶቻችን ይጽፉ ነበር ማለት ነው። መጻፍ የተውነው እኛ ነን።

በዘመናዊው መንግሥት በ1936 ዓ.ም. የቃዲዎችና የናኢባዎች ምክር ቤቶች አዋጅ ወጣ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 34(5) የግልና የቤተሰብ ጉዳይ ክርክር በተከራካሪዎች ፈቃድ በሃይማኖት ሕግ ሊዳኝ እንደሚችል ደነገገ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 188 የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን በሦስት ደረጃ አጠናከረ፤ ሟቹ ሲሞት ሙስሊም ከነበረ የውርስ፣ የኑዛዜ፣ የስጦታና የወቅፍ ጉዳይ እንዲያዩ ሥልጣን ሰጣቸው። በክልላችንም የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ይሠራሉ።

ሁሉም የሚቆሙት ግን በአንድ ምሰሶ ላይ ነው፤ እርሱም ፈቃድ ነው። የሁሉም ተከራካሪ ፈቃድ ያስፈልጋል። ከወራሾቹ አንዱ «እኔ በመደበኛው ፍርድ ቤት ነው የምፈልገው» ካለ ሊገደድ አይችልም። በአዲስ አበባ በአንድ የውርስ ክርክር ተከሳሾቹ አልፈቀድንም እያሉ የሸሪዓ ፍርድ ቤት ጉዳዩን አይቶ ወሰነ፤ ክርክሩ በየደረጃው ከተጓዘ በኋላ የፌዴሬሽን ምክር ቤት በ1996 ዓ.ም. ውሳኔው ሕገ መንግሥቱን የሚቃረን ነው አለ። ያ ሁሉ ድካም ከንቱ ሆነ። በሌላ በኩል ደግሞ አንዴ ፈቅዶ ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት የገባ ሰው ፍርዱ ሲከብደው ወደ ሌላው መዝለል አይፈቀድለትም። ጥሪ ደርሶት ያልቀረበም እንደ ፈቀደ ይቆጠራል። ስለዚህ መጥሪያ ሲመጣ በዝምታ መሳቢያ ውስጥ መክተት አደጋ አለው።

ከዚህ የምንማረው ምንድር ነው? አባት «ንብረቴ በሸሪዓ ይከፋፈል» ብሎ መጻፉ መልካም ነው፤ ፍላጎቱን ያሳያል። የልጆቹን ፈቃድ ግን አይተካም። ልጆቹን በሕይወት ሳለ ሰብስቦ ማስረዳትና ማሳመን ያስፈልገዋል። ሴት ልጁም ምርጫ እንዳላት ደብቆባት ሳይሆን ነግሮአት ነው ማሳመን ያለበት። ሳታውቅ የፈቀደች አልፈቀደችም። እኔ ባየሁት፣ ሁሉም የተነገራቸውና የእናታቸው ሐቅ ተለይቶ የተከበረላቸው ልጆች አብዛኛውን ጊዜ ሳይጣሉ በሸሪዓ ይስማማሉ። የሚጣሉት የተደበቀባቸው ናቸው።

5. ኑዛዜው እንዴት ይጻፍ

አሁን ወደ ሙያዬ ልግባ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሦስት ዓይነት ኑዛዜዎችን ያውቃል።

አንደኛው በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ነው። ተናዛዡ ራሱ ወይም እርሱ እየነገረው ሌላ ሰው ይጽፈዋል። በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ መነበቡና ቀኑ በጽሑፉ ላይ ይጠቀሳል፤ ወዲያውኑም ተናዛዡና ምስክሮቹ ይፈርማሉ ወይም የጣት ምልክት ያደርጋሉ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ «በተናዛዡና በምስክሮች ፊት ተነበበ» የምትለው አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ተነቦ ሳለ ይህ ሳይጻፍ ቢቀር ኑዛዜው ሊፈርስ ይችላል። ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ አባቶችና እናቶች የሚሻለው ይህ ዓይነቱ ነው።

ሁለተኛው ተናዛዡ በእጁ ጽሑፍ የሚያደርገው ነው። በሙሉ በራሱ እጅ መጻፍ፣ ኑዛዜ መሆኑ በግልጽ መነገር፣ በየገጹም ቀንና ፊርማ መኖር አለበት። በሰባት ዓመት ውስጥ በውል አዋዋይ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል። በሣጥን ሥር አሥር ዓመት የተቀመጠ ወረቀት ይዘው የሚመጡ ልጆች ሲያዝኑ አይቻለሁ።

ሦስተኛው የቃል ኑዛዜ ነው፤ ሞቱ መቅረቡን ያወቀ ሰው በሁለት ምስክር ፊት የሚናገረው ነው። በዚህ መንገድ ሊናዘዝ የሚችለው ስለ ቀብሩ ሥርዓት፣ ለአካለ መጠን ስላልደረሱ ልጆቹ ሞግዚትነትና እያንዳንዳቸው ከ500 ብር ስለማይበልጡ ስጦታዎች ብቻ ነው። 500 ብር ዛሬ በፈረስ መጋላ ምን እንደሚገዛ እናንተ ታውቃላችሁ። ከሦስት ወር በኋላም ሰውየው በሕይወት ካለ ይቀራል። ስለዚህ «ሲጨንቀኝ እናገራለሁ» የሚለው አይሠራም። አባቴ የወደቀው ዙህር ሰግዶ ነው።

በተጨማሪ የሚከተሉትን አስታውሱ፦

— ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት በጋራ ኑዛዜ አይጻፉ፤ ሕጉ አይቀበለውም። ሁለት ወረቀት ይሁን።
— በኑዛዜው የሚጠቀም ሰው ምስክር ባይሆን ይመረጣል።
— በሕይወት ሳላችሁ ቤት በስጦታ (ሂባ) ከሰጣችሁ ስጦታው በግልጽ በሚደረግ ኑዛዜ ፎርም መጻፍ አለበት። በሸሪዓም ማስረከብ ይፈልጋል። በልጆች መካከልም ማስተካከል ይገባል፤ ለአንዱ ልጁ ብቻ የሰጠ አባት ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ምስክር እንዲሆኑለት ጠይቆ እንዳልተቀበሉት የኑዕማን ኢብን በሺር (ረ.ዐ.) ሐዲስ ያስታውሰናል።
— ኑዛዜው ውስጥ ከስጦታው በፊት ዕዳው ይጻፍ። የሚከፍሉትም፣ የሚከፈላችሁም፤ በአማና የተቀመጠባችሁ የሰው ንብረትም። የመህር ቀሪ ካለ ይጻፍ።
— ንብረቱ ይዘርዘር፤ የቤቱ ካርታ በማን ስም እንደሆነ፣ የግብር ደረሰኙ የት እንዳለ፣ የባንክ ደብተሩ፣ የእቁቡ ድርሻ። በዛሬው ጊዜ በስልክ የሚቀመጥ ገንዘብም አለ፤ ቢያንስ መኖሩን ቤተሰብ ይወቅ።
— የጋብቻና የልደት ማስረጃ ይዘጋጅ። ሁለተኛ ሚስት ወይም በሌላ አገር የተወለደ ልጅ ካለ ይጻፍ። በተዕዚያ ቀን የሚታወቅ ልጅ ለልጁም ለቤተሰቡም ውርደት ነው።
— የሚያስፈጽመው ታማኝ ሰው በስም ይጠቀስ።

6. የጀጎል ቤት ጉዳይ

በሌላ ከተማ ያለ ጠበቃ የማይገጥመው አንድ ችግር በእኛ አገር አለ። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ ገብታለች። የጌይ ጋር ቤት የቅርሱ አካል ነው። ነደባው፣ የግድግዳው መስኮቶች፣ የሙሽራዋ ክፍል ኪርታት፣ ሁሉም አንድ አካል ናቸው። ለአምስት ወራሾች አምስት በር ቢከፈትለት፣ በነደባው መካከል ግንብ ቢቆም ቤቱ ይሞታል። ብር በ120 ይከፈላል፤ ነደባ ግን አይከፈልም።

በዚህ ምክንያት ብዙ ቤተሰብ ሳይከፋፈል ይቆያል። አንዱ ይኖርበታል፤ ሌሎቹ ዝም ይላሉ። ጣሪያው ሲያፈስ «ለምን እኔ ብቻዬን አሠራለሁ?» ይባላል። ከዚያ ወራሾቹ ይሞታሉ፤ የወራሾች ወራሾች ይመጣሉ። የአንድ ቤት ባለቤቶች ሠላሳና አርባ ሰዎች ሲሆኑ ማን ያስፈርማል? ማን ያድሳል? ቤቱ በክርክር ላይ ሳለ ክረምቱ ይጨርሰዋል።

መፍትሔው በሦስት መንገድ ይገኛል። አንደኛው ቤቱ ተገምቶ ከወራሾቹ አንዱ የሌሎቹን ድርሻ በጊዜ ገደብ እየከፈለ እንዲያስቀረው ነው፤ ይህ ሱልሕ በጽሑፍ ይሁን። ሁለተኛው ሳይከፋፈል ቆይቶ የሚያስተዳድረው ሰው ተሰይሞ ኪራዩ እንደየድርሻው እንዲደርስ ነው። ሦስተኛው ባለቤቱ በሕይወት ሳለ፣ ወይም ከሲሶው ውስጥ በኑዛዜ፣ ወቅፍ ማድረግ ነው። አባቶቻችን የቁርአን ቅጂዎችንና ኪታቦችን ወቅፍ እያደረጉ በገጾቹ ላይ ጽፈው ለመስጊዶች ያስረክቡ ነበር፤ እነዚያ ጽሑፎች እስከ ዛሬ ይነበባሉ። ተጽፎ የተሰጠ ነገር ዕድሜ እንዳለው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልፈልግም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች ከተወረሱ በኋላ ብዙ ወገን በቀበሌ ቤት ሲኖር ቆይቷል። የቀበሌ ቤት የተከራየ እንጂ የግል ንብረት አይደለም፤ ለወራሽ ይከፋፈል ተብሎ በኑዛዜ ሊሰጥ አይችልም። አንዳንድ ወንድሞች በዚህ ተጣልተው ፍርድ ቤት ሲደርሱ የሚካፈሉት ነገር እንደሌለ ይነገራቸዋል።

7. ውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን

ዛሬ ከጀጎል ቤቶች መካከል በቶሮንቶ፣ በአሜሪካ፣ በሳዑዲ ዐረቢያ ልጅ የሌለው ጥቂት ነው። እነርሱ ገንዘብ ይልካሉ፤ ቤት በወንድም ስም ይገዛል፤ «ስመለስ እናስተካክላለን» ይባላል። ወንድሙ ሲሞት ቤቱ በካርታው መሠረት የሟች ወራሾች ይሆናል፤ የላኪውም የላብ ዋጋ በምስክር ክርክር ላይ ይወድቃል። እባካችሁ፣ ገንዘቡ የማን እንደሆነ በዚያው ቀን ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ ውክልና ኑዛዜ አይደለም። ወካዩ የሞተ ዕለት ውክልናው አብሮ ይሞታል። በሟች ውክልና ቤት የሸጠ ሰው ወንድሞቹን ብቻ ሳይሆን ገዢውንም በደለ።

ሦስተኛ፣ በዚያ ያለ ንብረት በዚያ አገር ሕግ ይገዛል። በኦንታሪዮ ኑዛዜ ሳይጽፍ የሞተ ሙስሊም በዚያ ያለው ንብረቱ በአውራጃው የውርስ ሕግ ይከፋፈላል፤ ፈራኢድን ማንም አይጠይቅለትም። ስለዚህ ለልጆቻችሁ ስትደውሉ ስለ ጤናቸው ከጠየቃችሁ በኋላ ስለዚህም ጠይቋቸው።

8. ምን እናድርግ?

እኛ ሐረሪዎች ለሞት ዝግጁ ያልሆንን ሰዎች አይደለንም። አፎቻችን አለ። ሰው ሲሞት ማን ከፈን እንደሚያመጣ፣ ማን እንደሚቆፍር፣ ማን ለተቀማጩ ምግብ እንደሚያቀርብ ሳይነገር ይታወቃል። ለጀናዛው ይህን ያህል የተደራጀን ሰዎች ለሐቁ ያልተደራጀን መሆናችን ይገርመኛል። ስለዚህ ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ አፎቻ፣ የወንዶቹም የሴቶቹም፣ ከአባላቱ ማን ኑዛዜ እንዳለውና ማን ዘንድ እንደተቀመጠ የሚይዝ አንድ ደብተር ይኑረው። ይዘቱ የባለቤቱ ምሥጢር ነው፤ መኖሩ ብቻ ይመዝገብ። ተዕዚያው ሲያበቃም ሽማግሌዎቹ ከውርሱ በፊት «ዕዳ ያለው ይናገር» ብለው ይጠይቁ። አክስቴን የጠየቃት ሰው አልነበረም፤ ራስዋ መምጣት ነበረባት።

ሁለተኛ፣ እኔና ባልደረቦቼ ያለን ትንሽ የጥብቅና ጽሕፈት ቤት ነው። ከኮሚቴው ጋር እንደተስማማነው ከዚህ ጀማዓ ኑዛዜ ለማጻፍ የሚመጣ ሰው ለጽሕፈቱ አይከፍልም። ድርሻውን ሸኾቹ ይወስናሉ፤ እኛ የሕጉን ፎርም እናሟላለን። እውነቱን ለመናገር የውርስ ክርክር ለጠበቃ እንጀራ ነው፤ በአንድ ቤት ላይ ሁለት ወንድሞች አሥር ዓመት ሲካሰሱ የሚጠቀም ጠበቃ ብቻ ነው። ይህ እንጀራ ቢቀርብን አላህ በሌላ በኩል ይሰጠናል።

እኔ ራሴ ኑዛዜዬን የጻፍሁት ለአክስቴ ልጆች ገንዘቡን ባስረከብንበት ሳምንት ነው። የመጀመሪያው መስመር ስለ ቤቴም ስለ ልጆቼም አይደለም፤ ያለብኝን ዕዳ የሚዘረዝር ነው። በየዓመቱ በረመዳን እያወጣሁ አነበዋለሁ፤ የተከፈለውን እሰርዝና እንደገና አስፈርማለሁ። እስከ አሁን አልገደለኝም።

አላህ ዕዳችንን ሳንከፍል ከመሄድ ይጠብቀን። በእናቶቻችንና በእህቶቻችን ሐቅ ላይ እጃችንን ከመዘርጋት ይጠብቀን። ያለፉትን አባቶቻችንንና እናቶቻችንን በራሕመቱ ይቀበልልን። 

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።